የእትዬ ስመኝ ድሪቶ

ባለፈው ሚያዝያ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ቡሬ ላይ ያሠራችውን ቤት እንዳይላት ጠራችኝና ሄድኩ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ያልራቀ፣ ባጃጅ እንኳ እየተንገጫገጨ የሚገባበት ሰፈር ውስጥ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት ነው። የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል። ትዕግሥት ስልኳን ይዛ ከክፍል ክፍል እየዞረች፣ ይህ ግድግዳ ምን ቢሆን ይሻላል፣ አልጋው ላይ ምን ይነጠፍ እያለች የሰው አገር ቤቶችን ታሳየኛለች። ሁሉም ቤት ንጹሕ ነው፤ ሰው ግን አይኖርበትም። አንዱ ሥዕል ላይ ቆመችና "አክስቴ፣ ይችን ይዩልኝ" አለችኝ። በትንንሽ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ያልጋ ልብስ ነበር። ክዊልት ይባላል አለች፤ ዋጋውንም ነገረችኝ። በዚያ ገንዘብ በእኔ ወጣትነት ጥንድ በሬ ተገዝቶ ይተርፍ ነበር። በእኛ ጊዜ ስሙ ድሪቶ ነበር ስላት ሳቀች። የድሃ ልብስ፣ የተጣፈ ነገር፣ ለስድብ የሚሆን ቃል ነው ብላ ነው የሳቀችው። አልፈረድኩባትም። እኔም መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ስገባ ቃሉን የማውቀው እንዲያ ብቻ ነበር።

የገባሁት የባልትና አስተማሪ ሆኜ ነው። ከደብረ ማርቆስ የተነሣችው ሎንቺና ከሰዓት በኋላ አውራ ጎዳናው ላይ አውርዳኝ አቧራዋን ለቃብኝ ሄደች። ከተማው ያን ጊዜ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረ የባሕር ዛፍ ቤት ነው። ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበረው፤ የክራር ዘፈን ሲመጣ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ መንገዱ ያዞረዋል፤ ዜና ሲመጣ መልሶ ወደ ግድግዳው። ወጣቶቹ ከጉልበት በታች የሰፋ ሱሪና ባለ ረጅም ኮሌታ የቴትሮን ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ገበሬው አረንጓዴ የካኪ ቁምጣ። አንድ ጥቅል ክር በስሙኒ ይገኛል። እኔ የተከራየኋት ክፍል በወር ስምንት ብር ነበረች። ግድግዳዋ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ተለጥፎባታል፤ ጋደም ስል የማነበው አንድ ዜና ጥጉ ላይ ተጠምዝዞ መጨረሻው የማይነበብ ነበር፤ እዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። ኮርኒሷ የተወጠረ አቡጀዲ ነው፤ አይጥ ስትሮጥበት ይረግባል።

አከራዬ እትዬ ስመኝ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ቀጭንና ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። የእኔ ክፍል በጋዜጣ ሲሸፈን የእሳቸው ግን በአፈር የተሠራ ነው። ከላህ ወንዝ ዳር ነጭ አፈር፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ ቀይ አፈር ያስመጡና ክረምቱ ባለፈ ቁጥር ግድግዳውን ራሳቸው ይለቀልቃሉ። ሳይደርቅ በጣታቸው መስመር ይስቡበታል። መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር በጭቃ የተሠራ ነው፤ የብርጭቆውና የሳህኑ ቦታ ልክ ልኩ ተለይቶ ተቀርጿል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላየሁትም። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የጥልፍ መጽሐፍ ነበረኝ፤ በውስጡ ጽጌረዳ፣ የወይን ዘለላ፣ አንገቷን ያጠፈች ነጭ የውኃ ወፍ አለች። ተማሪዎቼ ወፏ ምን እንደምትባል ሲጠይቁኝ ዝይ ናት አልኳቸው። እኔም አይቻት አላውቅም። ስልሳ ሴት ልጆች ስልሳ ትራስ ልብስ ላይ ያችኑ ዝይ ጠለፉ፤ ከሥሯም "መልካም እንቅልፍ" ጻፉባት። የእጅ ሥራ ማለት ለእኔ ከመጽሐፍ መገልበጥ ነበር። አዲስ ሐሳብ ሲያልቅብኝ አዲስ መጽሐፍ እንዲልኩልኝ ወደ አዲስ አበባ እጽፋለሁ፤ መጽሐፉ አይመጣም።

ድሪቶውን ያየሁት በአንድ የሐምሌ ብርድ ነው። ታምሜ ተኝቼ ሳለ እትዬ ስመኝ ሳይጠይቁኝ አምጥተው ጣሉብኝ። ከባድ ነው። ላብ ላብ ሲለኝ ዓይኔን ገልጬ ማየት ጀመርኩ። ከሥር ያለው ወፍራም ቡልኮ ነው፤ በላዩ ላይ ከመዳፍ የማይበልጡ ጨርቆች ተሰፍተውበታል። ካኪ አለ፣ ፖፕሊን አለ፣ የሙሽራ ከፋይ አለ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ሁለት አንድ ዓይነት ጨርቅ የሚነካካበት ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። አራት ማዕዘን የሆነ ጨርቅም አላገኘሁም። አንዱ ግማሽ ጨረቃ፣ አንዱ እንደ ሽክና፣ አንዱ እንደ ማረሻ ጫፍ ነው፤ ሆኖም ሁሉም እርስ በርሱ ገጥሟል። የትኛውን መጽሐፍ ዓይተው ነው ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ጨርቁ የሚመጣው ከጋሽ ምንይችል ነው። ጋሽ ምንይችል አውራ ጎዳናው ላይ በረንዳ ተከራይቶ በእግር መኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከገጠርም ከከተማም ልብስ የሚያሰፋ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እትዬ ስመኝ ሳምንት ሳምንት ሄደው ከመኪናው ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ይለቅማሉ፤ በምትኩ በረንዳውን ይጠርጉለታል። ሲሻለኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ያን ቀን ነው ቅርጹ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ። ግማሽ ጨረቃው ከብብት ሥር የሚወጣው ነው፤ ሽክናው ከአንገት፤ የማረሻው ጫፍ ከሱሪ መቀመጫ። ልብስ ሰፊው ለሰው አካል ብሎ የቆረጠው፣ አካሉ ያልፈለገው ነው የተረፈው። እሳቸው ደግሞ መቀስ አያነሡም።

"እንዴት ነው የሚያስቡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አላስብም። መደቡ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ። ካልተስማማው ቦታውን አስለውጠዋለሁ። አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው "የተቆረጠውን መልሼ ብቆርጠው ምን ይቀረዋል?" አሉ።

ያን ንግግር ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ግን አልተማርኩበትም። የተማርኩት በሚቀጥለው ዓመት፣ በሠራሁት ጥፋት ነው።

ትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ትርኢት እንዲያሳይ ታዘዘ። ከክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ርእሰ መምህሩ አዳራሹን አስጸዳ፤ የእኔን ጠረጴዛ መጥቶ አየና ሳይቆም አለፈ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ስልሳ ዝይ ብቻ ነው። አፈርኩ። እትዬ ስመኝ በዚያው ሳምንት ለዘመድ ተዝካር ወደ ጅጋ ሄደው ነበር፤ የቤታቸውን ቁልፍ ለእኔ ትተዋል። ገብቼ ድሪቶውን ከአልጋቸው ላይ አነሣሁና አዳራሹ ውስጥ በሁለት ምስማር ሰቀልኩት። እንግዶቹ ሌላውን አልፈው እሱ ጋ ቆሙ። ከመካከላቸው ትልቁ ሰውዬ ይህን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ከተማሪዎቼ ጋር ነው የሠራነው አልኩ። ቃሉ እንዴት ቀላል ሆኖ እንደወጣ ዛሬም ይገርመኛል። ርእሰ መምህሩ ጨበጠኝ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለሕዝብ ተከፈተ። ቅዳሜ ስለነበረ ገበያ የወጣው ገበሬ ሁሉ ገባ። አንዲት ሴት ድሪቶው ፊት ቆመው አልሄድ አሉ። ቀለም የተነከረ ቀሚስ የለበሱ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደረጉ፣ አርባዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። አንዷን ጨርቅ በአንድ ጣት ነክተው ጣታቸውን አላነሡም። ግራጫ ሱፍ ነች፤ በመካከሏ አንዲት ቀይ ክር ቀጥ ብላ ታልፋለች። ጠጋ ስል ዞር ብለው አዩኝ።

"እመቤት፣ ይህን ጨርቅ ከወዴት አገኙት?"

ገበያ የሞላ ጨርቅ ነው አልኳቸው።

"ገበያ የሞላውስ ግራጫው ነው" አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። "ቀይ ክር የገባበት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሸማኔው ተሳስቶበት ነው። ከቡሬ ነጋዴ ቤት የገዛሁት እኔ ነኝ። ስለዚያች ክር ብሎ ረከስ አደረገልኝ። ለልጄ ሱሪ አሰፋሁበት።"

ልጃቸው የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ከሄደ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ አንድ ወረቀት ከላከ በኋላ ድምፁ ጠፋ አሉኝ። ወጣቱ በየአቅጣጫው የሚሄድበት ዘመን ነበር፤ ግማሹ ፈልጎ፣ ግማሹ ሳይፈልግ። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን ጥያቄያቸውን አመጡ። እስካሁን የምሰማው እሱን ነው።

"ሱሪውን ማን አመጣላችሁና ቆረጣችሁት?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ የሚያዩት የተበጣጠሰ የልጃቸውን ልብስ ነው። ከሰውነቱ ላይ ወልቆ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ተቆራርጦ። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ልጁ ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ከኋላዬ ርእሰ መምህሩና ሁለት አስተማሪዎች ቆመዋል። ዝም ብል ሴትዮዋ መርዶ ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ድሪቶው የእኔም የተማሪዎቼም ሥራ አይደለም፤ ያከራዩኝ ሴት ናቸው የሠሩት፤ ሳላስፈቅድ ነው ያመጣሁት፤ ጨርቁም ከልብስ ሰፊ ሥር የተለቀመ ነው፣ ሱሪው ሲቆረጥ የተረፈ እንጂ ሱሪው አይደለም አልኩ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ርእሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ወጣ። ስለ ነገሩ በኋላም አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እጄን ግን ዳግመኛ አልጨበጠም።

ሴትዮዋ ወይዘሮ የሺ ይባላሉ። የተናገርኩትን ለማመን ፈራ ተባ አሉ። ድሪቶውን አውርጄ ተሸክሜው አብረን ጋሽ ምንይችል በረንዳ ሄድን። ጋሽ ምንይችል መኪናውን አቁሞ ጨርቋን አየ። አስታወሳት። ምላጭ አውጥቶ በአንድ ጥጓ ያለውን ስፌት ፈታና ጀርባዋን ገለበጠው። የጠመኔ ምልክት አለበት።

"ይኸው፣ ይህ የእኔ ጠመኔ ነው። ከመቀመጫው ላይ የወጣ ነው። ሱሪውን ልጅዎ ራሱ መጥቶ፣ እዚሁ ለብሶት ነው የሄደው። አሮጌውን በእጁ ይዞ" አላቸው።

ወይዘሮ የሺ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ሰው አለፈ።

"እንግዲያው ሱሪው ላዩ ላይ ነው" አሉ።

እትዬ ስመኝ ከጅጋ የተመለሱት ማክሰኞ ነው። በር ላይ ቆሜ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፤ ድሪቶውን ዘርግተው አዩት፤ ጋሽ ምንይችል የፈታውን ጥግ በመርፌ መልሰው ሰፉት። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ውኃ ቀድቼ ስገባ "ችግሬ ጨርቁ አይደለም ልጄ" አሉኝ። "የምለብሰውን ሰው እንዳያየው ብየ ነው ቤት ውስጥ ያኖርኩት። አንች አደባባይ ሰቀልሽው።" ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ያች ሴት ትምጣና ጨርቋን ትውሰድ አሉኝ።

ወይዘሮ የሺ መጡ። እትዬ ስመኝ መደቡ ላይ አስቀመጧቸውና ድሪቶውን በሁለታቸው ጉልበት ላይ ዘረጉት። ስለ እህሉ ተነጋገሩ፤ ስለ ዳጉሳው፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት። ከዚያ እትዬ ስመኝ ወደ እኔ ዞረው "ምላጩን አምጭላቸው" አሉ። አመጣሁ። ወይዘሮ የሺ ግን ምላጩን ሳይቀበሉኝ ቀሩ። በጣታቸው ግራጫዋን ጨርቅ፣ ከአጠገቧ ያለውን ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሙሽራ ከፋይ ነካ ነካ አደረጉ። ይህ የማን ነው፣ ይህስ ብለው ጠየቁ። እትዬ ስመኝ የሚያውቁትን ነገሯቸው። የአብዛኛውን ያውቁ ነበር።

"ይተውት" አሉ ወይዘሮ የሺ በመጨረሻ። "ቤት ብወስደው ብቻውን ነው የሚሆነው። እዚህ ከሰው ጋር ነው።"

ከዚያ በኋላ ገበያ በወጡ ቁጥር ይመጣሉ። ነገሩ በየቀበሌው ተሰማ መሰለኝ ሌሎችም መምጣት ጀመሩ። አንዷ የልጇን ሸሚዝ፣ አንዷ የሞተች እህቷን ቀሚስ ትፈልጋለች። የሚያገኙ አሉ፤ የማያገኙም አሉ። ያላገኙት በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሳቸውን ቁራጭ ይዘው ይመጣሉ፤ እትዬ ስመኝ ጫፉን ሳይነኩ ቦታ ይፈልጉለታል። ሰው እንዳያየው ብለው የደበቁትን ድሪቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ይምታው ብለው ግቢው አጥር ላይ መስቀል ጀመሩ። ፀሐዩ ምክንያት ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔም ማስተማሬን ቀየርኩ። ዝይዋን ተውኳት። ልጆቹ ከቤታቸው አንድ ነገር ዓይተው እንዲመጡ አዘዝኩ። አንዷ የእናቷን ሰፌድ ጀርባ፣ አንዷ የማር እንጀራ፣ አንዷ በበጋ የተሰነጠቀ የጥቁር አፈር መሬት ወረቀት ላይ ስላ መጣች። ያን የተሰነጠቀ መሬት በቡናማ ክር ነጭ አቡጀዲ ላይ ስትጠልፈው እጄን አገጬ ላይ አድርጌ አየሁ። ሊጎበኝ የመጣው ተቆጣጣሪ ግን ጽጌረዳው የታለ ብሎ ጻፈብኝ፤ በሚቀጥለው ወር ለሪፖርቱ ያህል ጥቂት ጽጌረዳ አስጠለፍኩ። ጀግና አልነበርኩም። ባለፈው ሚያዝያ ትዕግሥት ስልኳ ላይ የቤት ጌጥ ስትፈልግ ቀኑን ስታጠፋ ሳይ አልተቆጣሁም፤ የእኔ መጽሐፍም ያው ነው። ብቻ የማጀቷን ግድግዳ ከውጭ አቁሜ አሳየኋት፤ ከጣሪያው የወረደው ዝናብ ብሎኬቱ ላይ ቡናማ መስመር ስሎበታል። ቀለም ቀቢው ነገ ያጠፋዋል አለችኝ።

ካገባሁ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ወደ ዱርቤቴ ተዛወርን፤ እዚያ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ዘመን ተለወጠ፤ መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ የቦንዳ ልብስ መጣና ሰው ማሰፋት ተወ። ጋሽ ምንይችል መኪናውን ሸጦ ወደ ልጁ ገባ። እትዬ ስመኝን በዓመት አንዴ እጠይቃቸው ነበር። ድሪቶው ሰፍቶ ሰፍቶ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ሆኗል፤ በመጨረሻው ጊዜ እሳቸውም አይለብሱትም፤ መደቡ ላይ ተነጥፎ ይኖራል። የሞቱት በአንድ የኅዳር ወር ነው። ለቀብራቸው አልደረስኩም፤ ለአርባቸው ደረስኩ።

ወራሻቸው የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ ደኅና ሰው ነው። ቤቱ ለመንገድ ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃውን እያወጣ ለጎረቤት ያድላል። ድሪቶውን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገባው። ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ ሁሉም አላት ቁራጭ፤ አንዷ ብትወስደው የሌላዋን ትወስዳለች። ብዙ ተነጋገሩና በመጨረሻ እንፍታው አሉ። መፍታቱ ለእኔ ተሰጠ፤ አስተማሪ ነበርኩና። ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጬ ከጠዋት ጀምሬ በምላጭ ስፌት ስፌቱን ፈታሁ። እያንዳንዷ መጥታ ከፊቴ ቁጢጥ ትልና በጣቷ ታሳየኛለች። እሰጣታለሁ። ተቀብላ አጥፋ በመቀነቷ ትቋጥራለች ወይም በጡቷ መሐል ትከታለች። ባለቤቱ ያልታወቀውን የዘመዳቸውን ቁራጭ ያላገኙት ሴቶች ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ቡልኮው መታየት ጀመረ። እንደ ወንፊት በመርፌ ተበሳስቷል፤ አንድ ጫፉ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ በጥቁር ክር ተጠልፎበታል። የእትዬ ስመኝ ባል ስም በዚያች ፊደል ይጀምር እንደሆነ የሚያስታውስ ከመካከላችን አልተገኘም።

ወይዘሮ የሺ ጥዋት የመጡ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ሌላው ሁሉ እስኪያልቅ ጠበቁ። ያን ጊዜ በጣም አርጅተዋል፤ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነው የሚሄዱት። የጠፋው ልጃቸው አልመጣም። ወረቀትም ሁለተኛ አልመጣ። ቡልኮው ላይ ግራጫዋ ጨርቅ ብቻ ስትቀር ተነሥተው መጡ። ልፍታልዎ ወይስ ከነቡልኮው ይውሰዱት ብዬ ጠየቅኳቸው። ግቢውን ዞር ብለው አዩት፤ ሴቶቹ እየወጡ ነው፤ ወራሹ የበሩን መዝጊያ እየነቀለ ነው።

"ይፍቱልኝ" አሉ።

ፈታሁት። ጠመኔው ከጀርባው ጠፍቷል፤ ቀይዋ ክር ግን አለች። ተቀብለው አፈሩን አራገፉላት፤ ልክ የልብስ ኮሌታ እንደሚያስተካክል ሰው በአውራ ጣታቸው ዳመጥ ዳመጥ አደረጓት።

"በል አሁን ወደ ቤት እንግባ" አሉ።

ለልጅ ልጃቸው የተናገሩት መስሎኝ ቀና አልኩ። የልጅ ልጃቸው ሴት ናት።